መሃሉ ላይ የሚላላው ቪቴ

ደባርቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ልጅ፣ ለዙሀራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ ዙሀራ፣ አላህ ባለሽበት አገር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ የወጣሽበትን ያሳካልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ብርዱም ገብቷል። አባትሽን ባለፈው ቅዳሜ ዳባት ገበያ አግኝቼው ነበር። ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነው፤ ሱቁንም ይከፍታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሲሠራም ቁጥር በጆሮ ሲሄድ ይበላሻል፤ እኔ ደግሞ የምልክልሽ ቁጥር ነው። ነጋዴው ሰዓድ ዕቃ ሊገዛ ጓንግዙ ሲመጣ ይህን ወረቀት ያደርስልሻል።

በቶርኖ ቤቴ ያለውን አረንጓዴ የብረት መቅረጫ ሚሊንግ ማሽን ታስታውሺው ይሆናል፤ ከጎንደር በጨረታ ያመጣሁት ነው። እርሱን በኮምፒዩተር እንዲታዘዝ ልናደርገው ነው። ትልቋ ልጄ ሰሀር ከቴክኒክ ኮሌጅ የማስተማር ሥራዋ ተመልሳ ከእኔ ጋር ናት፤ የሞተሩንና የኮምፒዩተሩን ነገር እርሷ ጨርሳዋለች። የቀረው ጠረጴዛውን እየዞረ የሚገፋው ረጅሙ ጥርሳም ብረት፣ ቪቴው ነው። የድሮው አርጅቷል። እጀታውን ወደ ቀኝ አዙሬ ወደ ግራ ስመልሰው ሩብ ዙር ያህል በባዶው ይዞራል፤ ጠረጴዛው ግን አይነቃነቅም። እኔ ሠላሳ ዓመት ስለሠራሁበት ባዶዋን በእጄ አውቃታለሁ። ኮምፒዩተር ግን እጅ የለውም። ሄድኩ ብሎ ይቆጥራል፣ ጠረጴዛው አልሄደም፤ ሥራው ይበላሻል።

ስለዚህ ቦልስክሩ የሚባለውን ፈልጊልኝ። ቪቴ ነው፤ በላዩ በሚሄደው ዳዶ ውስጥ ግን እንደ ኩሽኔታ ትንንሽ ኳሶች ይሽከረከራሉ። ከተገጠመ በኋላ ልቅነት የለውም። እዚህ አገር የለም፣ ቢገኝም ዋጋው የማይቀመስ ነው፤ እዚያ ግን አቅም የሚችለው አለ ይባላል፤ ዋጋውን ለጊዜው አንቺ ቻዪልኝ። ርዝመቱ 620 ሚሊሜትር ይሁን።

ለምን አሁን ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ዘመኑ ነው እልሻለሁ።

ዱዓዬ ካንቺ ጋር ነው።
ሸሀቡ

*

ጓንግዙ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸሀቡ

ወዓለይኩሙ ሰላም። ጋሼ፣ እርስዎና ቤተሰቡ እንደምን ከረማችሁ? አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው።

ሰዓድ ፖስታውን ሲሰጠኝ ስሜን አይቼ ፈገግ አልኩ። እያንዳንዷ ፊደል አውራ ጣቴን ታህላለች። ድሮ ለአባቴ ሲጽፉ ጽሕፈትዎ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነበር።

ጋሼ፣ ግራ ገብቶኛል። እኔ የማስተረጉመው የጨርቅና የጫማ ነገር ነው። የብረት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሰፈር ሄጄ ቦልስክሩ ስል ሻጩ ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ። ውፍረቱ ስንት ነው? በአንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር ይራመድ? በድንጋይ ተፈጭቶ የተስተካከለ ነው ወይስ በግፊት ተቀርጾ የወጣ? ጫፉ ይቆረጥ ወይስ እንዳለ ይሂድ? መልሱን ስላላወቅሁ ለሁሉም አዎ አልኩት። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ቸን የሚባሉ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ድሮ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሠራተኛ ነበሩ። እርሳቸው ታግሰው አስረዱኝ። ተፈጭቶ የተስተካከለው ትክክለኛ ግን ውድ ነው። በግፊት የወጣው ርካሽ ነው፤ ትንሽ ስሕተት አለው፣ ለብዙ ሥራ ግን ይበቃል አሉኝ። የቱን ልያዝ? ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሰው ይጻፉልኝ።

አባቴን ካገኙት ስለ እኔ አያስብ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
ዙሀራ

*

ደባርቅ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዙሀራ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ቀና ሰው ያገናኝሽ። ሽማግሌውን ማግኘትሽ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው አገሩ ሌላ ቢሆንም ቋንቋው አንድ ነው።

መልሱ ይኸው። ውፍረቱ 20። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ይራመድ። ጫፉን እንዳታስቆርጪ፤ እኔ ራሴ እቆርጠዋለሁ። በግፊት የወጣው ርካሹ ይበቃናል፤ የእኛ ሥራ የወፍጮ ፑሊና የመውቂያ ጥርስ እንጂ የሰዓት ዕቃ አይደለም። ርዝመቱ 680።

ይግዛው የሚባል የበየዳ ሰው አለ፤ ወፍጮው ከተሰበረ ወር ሞልቶታል። የሰፈሩ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ የአንድ ቀን መንገድ እየሄደ ያስፈጫል። ሥራውን ከእኔ እየጠበቀ ነውና ቶሎ በዪ።

ሸሀቡ

*

ጓንግዙ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸሀቡ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ለረመዷኑ እንኳን አደረሰዎ። አላህ ጾሙን ይቀበልዎ።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። በመጀመሪያው 620 ይላል፣ በሁለተኛው 680። የቱ ነው? ስልክ ሞከርኩ፤ አልሠራም። ሰዓድ ደግሞ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ቸንን ባማክራቸው፣ “ረጅም ይቆረጣል፣ አጭር ግን አይቀጠልም” አሉኝ። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚሆን ላኩልዎ።

ዓይነቱ ርካሹ ሳይሆን ውዱ ነው፤ ተፈጭቶ የተስተካከለው። ዋጋው ግን እንደ ርካሹ ሆነልኝ። እንዴት ብለው አይጠይቁኝ። ጥሩ ዕቃ ነው።

ቸን ሦስት ጊዜ የደጋገሙልኝ ነገር አለ፦ ዳዶው ከቪቴው ላይ እንዳይወጣ። ከወጣ ኳሶቹ ይበተናሉ። በሽቦ አስሬዋለሁ።

አክባሪዎ
ዙሀራ

*

ደባርቅ፣ ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዙሀራ፣ ለደከምሽበት ሁሉ አላህ ይክፈልሽ፤ ያላሰብሽው በር ይከፈትልሽ።

ዕቃው ደርሷል። የደረሰበትን መንገድ ግን ብነግርሽ አታምኚኝም። መንገድ ላይ ማን እንደፈታው አናውቅም፤ ዳዶው ወጥቶ ነበር። ሰዓድ ቪቴውን በአንድ እጁ፣ ዳዶውን በሌላው ይዞ መጣና ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ። “ጋሼ፣ ይህ ከውስጡ ሲረግፍ ነበር፤ ጌጥ መስሎኝ ሰበሰብኩት” አለኝ። ኳሶቹ ነበሩ። ሰሀር እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ሦስት ጎድለዋል። በግራሶ ቅባት እያጣበቅን መልሰን ለማስገባት ሁለት ቀን ፈጀብን። ቪቴውን የሚያህል ቱቦ ቀርጬ ዳዶውን በእርሱ ላይ አሻገርነው፤ ኳሶቹም አልወጡም።

ጫፉ ደግሞ አልቆረጥም አለ። ላዩ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ምላጩ ይንሸራተትበታል፤ ብልጭታ ብቻ ይተፋል። ላዩን በመፍጫ ድንጋይ ፍቄ ከውስጥ ያለውን ለስላሳ ብረት ስደርስ ታዘዘልኝ። ሁለቱንም ጫፍ ለኩሽኔታው ልክ አወጣሁ፤ ያንን በጣቴ ነው የማውቀው።

አሁን ግን የማይገባኝ ነገር ገጥሞኛል። ጠረጴዛውን ከግራ ጫፍ ስናስነሳው ጥብቅ ነው፣ ምንም ልቅነት የለውም። መሃል ሲደርስ ይላላል። ቀኝ ጫፍ ሲደርስ መልሶ ይጠብቃል። መለኪያውን ሰሀር ታነብልኛለች፤ አሥር ጊዜ አስነበብኳት፣ አሥሩም ያው ነው። ሦስቱ የጎደሉት ኳሶች ናቸው እንዳልል፣ እነርሱ ቢሆኑ ዳርም መሃልም አንድ ዓይነት ያደርግ ነበር። ሽማግሌውን ጠይቂልኝ።

ሸሀቡ

*

ጓንግዙ፣ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸሀቡ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ለቸን አነበብኩላቸው። ቪቴውና ዳዶው በአንድ መስመር ካልተቀመጡ፣ ዳዶው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ዳር ላይ ይጠብቃል፣ መሃል ላይ ይላላል አሉ። ስለዚህ ምናልባት አገጣጠሙ ይሆናል፤ እንደገና ይዩት።

ሰሞኑን ሥራ ስለበዛብኝ በዚህ ላብቃ።

አክባሪዎ
ዙሀራ

*

ደባርቅ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዙሀራ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ክረምቱ ከብዷል፤ ከቡይት ራስ የሚወርደው ጉም እስከ ቀትር አይገፈፍም።

ባልሽው መሠረት ፈትቼ ገጠምኩት። ኩሽኔታ ቤቱን ዝቅ አደረግሁ፤ አልሆነም። ከፍ አደረግሁ፤ አልሆነም። ከሥሩ ስስ ላሜራ አስገብቼ ሦስተኛ ገጠምኩት፤ ያው ነው። ሰሀር “አባባ፣ ቪቴው ራሱ ቢሆንስ?” አለችኝ። ዙሀራ ጥሩ ዕቃ ነው ብላለች፣ ስሕተቱ የእኔ ነው አልኳት።

ይግዛው በሳምንቱ ከበየዳ መጣ። ጎንደር ሂድ አልኩት። የተሰበረውን ፑሊ መልሶ በቅሎዋ ላይ ጫነና ሄደ። እኔ ሰው ከደጄ መልሼ አላውቅም።

ሰው እጁን ማመን ካቃተው ቶርኖ ቤት ከፍቶ መቀመጡ ሰውን ማታለል ነው። ማሽኑን የጎንደር ብረት ነጋዴ በኪሎ ሊወስደው ተነጋግረናል፤ መንገዱ ሲደርቅ መኪና ይልካል። አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል፤ ቅር አይበልሽ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አላስቸግርሽም።

ሸሀቡ

*

ጓንግዙ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ሸሀቡ

ጋሼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ይህን ደብዳቤ እስኪጨርሱ ድረስ አይቀየሙኝ፤ ከጨረሱ በኋላ ግን ቢቀየሙ ይገባዎታል።

ቪቴው አዲስ አልነበረም። ከፈራረሰ ማሽን የወጣ ነው፤ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ቸን ሲሰጡኝ “አሮጌ ነው፣ ግን ከጥሩ ማሽን ነው፤ ለሰውየው ንገሪው” ብለውኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ እንደ አዲስ አሸግኩት። እርስዎ የጠየቁት ርካሹ አዲስ ራሱ ከአቅሜ በላይ ነበር። አምና መስከረም ላይ የነበርኩበት ቢሮ ተዘግቶ በየቀኑ ሥራ እየፈለግሁ ነበር የምኖረው። እናንተ ደግሞ ዙሀራ ቻይና ናት፣ ገንዘብ አላት እያላችሁ ነው። የለኝም ማለት አፈርኩ።

መሃሉ ይላላል ብለው ሲጽፉልኝ ቸን ያሉኝ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ የአገጣጠሙ ነገር ነው፤ እርሱን ጻፍኩልዎት። ሁለተኛውን ደበቅሁ፤ ያረጀ ቪቴ ስለሆነ መሃሉ ተበልቶ ይሆናል፣ ማሽን ሁልጊዜ የሚመላለሰው መሃል ላይ ነውና። እርስዎ እጅዎን መጠርጠርዎን ባነበብኩ ቀን ሥራ ፍለጋም አልወጣሁም። አባቴ ሳይቀር የሚምልበት እጅ ነው። እኔ አሳማኝ ውሸት ላኩልዎትና እርስዎ በእጅዎ ላይ ፈረዱበት።

ወደ ቸን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተነሥተው በግፊት የወጣውን ርካሹን፣ አዲሱን፣ 800 ሚሊሜትር አወጡ። “ለሰውየው ንገሪው፤ አሮጌውን አይጣለው፣ ከመሃል ወደ ዳር ያለው ያልተበላ ነው” አሉ። የጠረጴዛው አጭሩ መንገድ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት፣ ትንሽ ቪቴ ከፈለገ ከዚያ ይወጣልዎታል። አዲሱን ሰዓድ ይዞት ይመጣል። ዳዶውን በሽቦ ብቻ አላሰርኩትም፤ በላዩ በትልልቅ ፊደል “አትፍቱ” ብዬ በሦስት ቋንቋ ጽፌበታለሁ።

ማሽኑ ተሽጦ ከሆነ ምን እንደምል አላውቅም።

ዙሀራ

*

ደባርቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሀራ

ጽሕፈቱ የሰሀር ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። እርሷ የራሷን ጨምራ እንዳትጽፍ አስምያታለሁ።

ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ተቆጣሁ። አልዋሽሽም፤ ሁለት ቀን ስምሽ እንዳይነሣ አልኩ። ክረምቱን በሙሉ አንድ ነገር እየፈታሁ ስገጥም እጆቼን እያየሁ ኖሬአለሁ። በሦስተኛው ቀን ሰሀር ቶርኖ ቤቱ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና “አባባ፣ 620 ብለህ የጻፍከው ማን ለክቶት ነው?” አለችኝ።

እኔ ነበርኩ። በሜትሩ ላይ ያለችውን ስምንት ሁለት ብዬ አነበብኳት። ኋላ እርሷ ስትለካ 680 ሆነ፤ እኔ ግን ተሳስቼ ነበር ብዬ ላንቺ መጻፍ አቃተኝ። ዓይኔ ሞራ ለብሷል፣ ዙሀራ። ሁለት ዓመት አልፎታል። የእጀታውን ቁጥር ማንበብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ማሽኑ በኮምፒዩተር ይታዘዝ ያልኩት ዘመኑ ስለሆነ አይደለም። የማላየውን ቁጥር እርሱ እንዲቆጥርልኝ ብዬ ነው። ላንቺም ለአባትሽም አልተናገርኩም፤ ለዓይነ ስውር ቶርኖ ሠራተኛ ሥራ የሚሰጥ የለም ብዬ ነው። ቪቴው እንቢ ሲለኝ ዓይኔ ሄዶ እጄም ተከተለው አልኩ። ያንቺ ዝምታ ከእኔ ዝምታ ጋር ተገናኝቶ ነው ሊያስጨርሰኝ የነበረው። ስለዚህ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ። ሥራ ማጣትሽን ለአባትሽ አልነገርኩም፤ አንቺ ራስሽ ንገሪው። እንደምትፈሪው አይደለም።

ማሽኑ አልተሸጠም። ነጋዴው መኪናውን ሲልክ ሰሀር በሩ ላይ ቆማ ሹፌሩን “መዝኑት ብንል ሚዛናችሁ አይችለውም፤ ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ” ብላ መለሰችው። እኔ ሳልሰማ ነው።

ሰዓድ አዲሱን አመጣ። ያለቀለትን ከመሃሉ ቆረጥነው፤ ከቀኝ ያለው ሩብ ሜትር ያህል ንጹሕ ስለሆነ ለአጭሩ መንገድ ገጠምነው። አዲሱ ለረጅሙ ሆነ። የማሽኑን ራስ ከነቢላዋው ወደ ታች የሚያወርደውን፣ የላይኛውን ቪቴ ግን አልቀየርነውም። ልንቀይረው አስበን መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል ብዬ በእጄ ሞከርኩት፤ ባለ ኳስ ቪቴ ክብደት ሲጫነው በራሱ ይዞራል፣ ያ ሁሉ ብረት በሠራተኛው እጅ ላይ ይወርዳል። መብራቱ በቀን አምስቴ በሚጠፋበት አገር ይህ አይሆንም። የድሮው ቀርፋፋ ነው፣ ግን የቆመበት ይቆማል።

አንዱን ዓይኔን ጎንደር ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ገና ተሸፍኗል፤ ሲገለጥ ምን ያህል እንደማይ ሐኪሙም አልነገረኝም። ስመለስ ሰሀር ማሽኑን አስነሥታ ጠበቀችኝ። ከአንድ ቁራጭ ብረት ላይ ክብ ልትቆርጥ ነው። ክብ ከባድ ነው፤ ሁለቱ ቪቴዎች በጠቅላላው አራት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራሉ፣ ልቅነት ካለ በየመታጠፊያው ጠባሳ ይተዋል። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ጎን አሳረፍኩ። ሲታጠፍ እንዲመታኝ ጠበቅሁ። ቆመ፤ የተበላሸ መሰለኝ። “ምነው ቆመ?” አልኳት።

“አባባ፣ አልቋል” አለች።

ብረቱን ጨብጦ ከያዘው ሞርሳ ፈትታ በእጄ ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ነበር። አውራ ጣቴን ዳሩ ላይ አስደግፌ ዞርኩበት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቢላዋው የገባበትን ቦታ እፈልግ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሠራሁት ሥራ ሁሉ ያችን ቦታ አጥቻት አላውቅም። አሁን ግን ከየት ጀምሮ የት ላይ እንዳበቃ ላገኘው አልቻልኩም።

ሸሀቡ